በተማሪ የተጻፈ፣ በመምህራን የተጠበቀ፦ «ባይተዋሮቹ» የተሰኘው የወጣቶች ልቦለድ ታሪክ

መግቢያ

ልጅ ወደ ጉልምስና የሚሻገርባቸው መንገዶች በየኅብረተሰቡ ልዩ ልዩ ናቸው። ቤተሰብ፣ ሥራ፣ እምነትና የዕድሜ ጓደኞች እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሰፊው በተዳረሰባቸው አገሮች ግን ባለፈው ምዕተ ዓመት በእነዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተጨምሯል፤ ይኸውም አፍላ ወጣቶች ስለ ራሳቸው ዕድሜ፣ ስለ ጓደኝነታቸውና ስለ ማንነታቸው እንዲያነቡት ተብሎ የሚዘጋጀው ልቦለድ ነው። ዛሬ ይህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የራሱ አሳታሚዎች፣ የራሱ ሽልማቶችና በየቤተ መጻሕፍቱ የራሱ መደርደሪያ አለው። አጀማመሩ ግን እንዲህ የተደላደለ አልነበረም።

በዘርፉ ታሪክ እንደ መነሻ ከሚቆጠሩት መጻሕፍት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ የታተመው «ዘ አውትሳይደርስ» ነው። ርእሱ በአማርኛ «ባይተዋሮቹ» ሊባል ይችላል፤ ከዚህ በኋላም በዚሁ ስም ይጠራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲዋ ሱዛን ኢሎይዝ ሂንተን መጽሐፉን ስትጽፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጽሐፉን ታሪክ ከትምህርት ቤት አንጻር መመርመር ነው። ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ልዩ ልዩ መልክ ይገኛል። በመጀመሪያ፣ ተሰጥኦ በፊቱ ተቀምጦ ሳያየው የቀረ ሆኖ፤ ሁለተኛ፣ በልቦለዱ ውስጥ አንድን ልቡ የተሰበረ ልጅ በአንድ የቤት ሥራ የደገፈ ሆኖ፤ ሦስተኛ፣ ገበያ ችላ ያለውን መጽሐፍ አንሥቶ ለሚቀጥለው ትውልድ ያቆየ ሆኖ ነው። እነዚህን ሦስት መልኮች ጎን ለጎን ማየት፣ ወጣቶች ምን ያንብቡ የሚለውን ጥያቄ በየዓመቱ ለሚወስኑ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ጠቃሚ ይሆናል።

ሀ. አፍላ ወጣት እንደ አንባቢ

ከልጅነት ወደ ጉልምስና የሚደረገውን ጉዞ የሚተርክ ልቦለድ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ጎይተ በ1795 እና በ1796 ያሳተመው የቪልሄልም ማይስተር ታሪክ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት እንደ አብነት ሲጠቀስ ኖሯል። ነገር ግን እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ስለ ወጣት የተጻፉ እንጂ ለወጣት የተጻፉ አልነበሩም። ተደራሲያቸው ያለፈ ዕድሜውን መለስ ብሎ የሚያስታውስ ጎልማሳ ነበር።

አፍላ ወጣትን ራሱን የቻለ የዕድሜ ክፍል አድርጎ ማየትም የቅርብ ጊዜ አስተሳሰብ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስታንሊ ሆል ስለ ጉርምስና ዕድሜ የጻፉትን ባለ ሁለት ቅጽ ጥናት ያሳተሙት በ1904 ነበር። አስተሳሰቡን ኑሮ ያደረገው ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ትምህርት ቤት ነው። በአሜሪካ በ1910 ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሱት ወጣቶች ከመቶ 10 የማይሞሉ ነበሩ። በ1940 ግን ቁጥሩ ወደ ግማሽ ደርሶ ነበር። ቀድሞ በእርሻ፣ በፋብሪካና በሱቅ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተደባልቆ ይውል የነበረው የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ግቢ መዋል ጀመረ። በዚህም የተነሣ የራሱ አነጋገር፣ የራሱ አለባበስ፣ የራሱ ደረጃና የራሱ ፍርድ ያለው ማኅበር ተፈጠረ። በሌላ አነጋገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስፋፋት ዕውቀት ከማዳረሱ ሌላ፣ ዕቅድ አውጪዎቹ አስቀድመው ያላሰቡትን የወጣቶች ዓለምም ወልዷል።

ይህ ዓለም ለረጅም ጊዜ የሚገባውን ያህል መጽሐፍ አላገኘም። ሞሪን ዴሊ በ1942 ያሳተመችው «የዐሥራ ሰባተኛው በጋ» የአንዲትን ልጃገረድ የመጀመሪያ ፍቅር በጨዋነት የተረከ ነበር። በ1951 የወጣው የሳሊንጀር ልቦለድ «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» የወጣትን ምሬት በራሱ አንደበት ቢያሰማም፣ የታተመው ለዐዋቂ አንባቢ ነበር፤ ባለታሪኩም የሀብታም ቤተሰብ ልጅና በእጅጉ ብቸኛ ነው። የጆን ኖልስ «ኤ ሴፐሬት ፒስ» በ1959 ሲታተም ጓደኝነትና ቅናት በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ አሳየ፤ መድረኩ ግን ከድኻው ልጅ የራቀ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚህ ውጭ ለተማሪ የሚቀርበው ንባብ በአብዛኛው የዳንስ ምሽት፣ የኳስ ግጥሚያና ጥሩ ፍጻሜ ያለው ታሪክ ነበር። የድኻ ሠፈር ተማሪ የራሱን ሕይወት በመጽሐፍ ለማግኘት ብዙም ዕድል አልነበረውም።

ለ. መጽሐፉ የተጻፈበት ሁኔታ

ሂንተን የተወለደችው በ1948 በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር በተልሳ ከተማ ነው። ተልሳ በነዳጅ ዘይት ሀብት የበለጸገች ከተማ ስትሆን፣ ሀብቱ ግን ለሁሉም ሠፈር እኩል አልደረሰም። ሂንተን የተማረችበት የዊል ሮጀርስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለጸጋውንም ድኻውንም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ ነበር። ተማሪዎቹ ግን በቡድን ተከፋፍለው ነበር። ከድኻው ሠፈር የመጡትና ፀጉራቸውን አስረዝመው በቅባት የሚያስተኙት «ግሪዘር» ይባላሉ፤ የባለጸጎቹ ልጆች ደግሞ «ሶሽ» ይባላሉ። ሂንተን ከሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ እንዳልነበረች ከጊዜ በኋላ ተናግራለች። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ሁለቱንም አጥርቶ የማየት ዕድል አለው።

ለመጽሐፉ መጀመር የቅርብ ምክንያት የሆነው፣ አንድ ጓደኛዋ ከሲኒማ ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለ አንዳች በደል በሌሎች ልጆች መደብደቡ ነበር። ከንዴቷ ጋር አንድ ሌላ ቅሬታም ነበራት፤ ይኸውም በዕድሜዋ ላሉ ልጆች ከተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ እርሷ የምታውቀውን ኑሮ የሚያሳይ አለማግኘቷ ነው። ስለዚህ ማንበብ የፈለገችውን መጽሐፍ ራሷ መጻፍ ጀመረች። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 15 ዓመት ሲሆን፣ አብዛኛውን ክፍል የጻፈችው በ16 ዓመቷ ነው። አባቷ በአንጎል ዕጢ ታሞ የሞተውም በዚሁ ወቅት ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ በጽሕፈት መኪና ተጠቅጥቆ የተመታ ወደ 40 ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ ነበር፤ እየደጋገመችም በማሻሻልና በማስፋፋት ወደ ሙሉ ልቦለድ አደረሰችው።

በዚያው የትምህርት ዘመን ሂንተን በፈጠራ ድርሰት ትምህርት ያገኘችው ማርክ «ዲ» ነበር። ይህ በተለምዶ እንደ ቀልድ ይነገራል፤ ለመምህር ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ማርክ የሚሰጠው መምህሩ ላዘዘውና ተማሪው ላስረከበው ሥራ ነው። ተማሪዋ በቤቷ በጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጣ የምትሠራው በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ስለሆነም ማርኩ በራሱ ሚዛን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑ ግን ሊመዝነው የሚገባውን ነገር አልመዘነም። በእንዲህ ያለው ልዩነት ውስጥ ስንት ተማሪ ሳይታይ እንዳለፈ የሚናገር መዝገብ የለም።

የመጽሐፉ ረቂቅ በአንዲት ጓደኛዋ እናት አማካይነት ለደራስያን ወኪል ደረሰ። ቫይኪንግ ፕሬስ መጽሐፉን ለማተም መስማማቱን የሚያረጋግጠው ውል በእጇ የገባው ከሁለተኛ ደረጃ በተመረቀችበት ቀን በ1966 ነበር። መጽሐፉ ሚያዝያ 1967 ሲወጣ በሽፋኑ ላይ የሰፈረው ሙሉ ስሟ ሳይሆን «ኤስ. ኢ. ሂንተን» የሚል ነበር። አሳታሚው ይህን የመረጠው፣ ሐያስያን የወንዶች ልጆችን ጠብ የተረከችው ሴት መሆኗን ቢያውቁ መጽሐፉን ገና ሳያነቡ እንዳያጣጥሉት በመስጋት ነው። ስለ ማንነት የተጻፈ መጽሐፍ የጸሐፊውን ማንነት ሸፍኖ መውጣቱ የዘመኑን አመለካከት በሚገባ ያሳያል።

ሐ. የልቦለዱ ይዘት፦ ጓደኝነትና ማንነት

ታሪኩን የሚተርከው የ14 ዓመቱ ፖኒቦይ ከርቲስ ነው። ወላጆቹ በመኪና አደጋ ከሞቱ ወዲህ የሚያሳድገው የ20 ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ዳሪ ነው። ዳሪ ጎበዝ ተማሪና ኳስ ተጫዋች የነበረ ሲሆን፣ ወንድሞቹን ለማሳደግ ሲል ኮሌጅ መግባቱን ትቶ በጣሪያ ሥራ ይደክማል። መካከለኛው ወንድም ሶዳፖፕ ትምህርቱን አቋርጦ በቤንዚን ማደያ ተቀጥሯል። ሦስቱ ወንድማማቾች አብረው መኖር የሚችሉት ጥፋት ካልተገኘባቸው ብቻ መሆኑን ያውቃሉ፤ አለዚያ መንግሥት ሊለያያቸው ይችላል። ይህ ስጋት ከታሪኩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለያቸውም።

አንድ ሌሊት ፖኒቦይና ጓደኛው ጆኒ ኬድ በመናፈሻ ሳሉ የሶሾቹ ቡድን ይደርስባቸዋል። ፖኒቦይን ከመናፈሻው ፏፏቴ ውኃ ውስጥ ደፍቀው ሊገድሉት ሲቃረቡ፣ ጆኒ ቦብ ሸልደን የተባለውን ልጅ በሴንጢ ወግቶ ይገድላል። ሁለቱም ሸሽተው ከከተማ ውጭ በአንድ የተተወ ቤተ ክርስቲያን ይደበቃሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በእሳት ሲያያዝ በውስጡ የነበሩትን ሕፃናት ለማውጣት ይገባሉ፤ ጆኒ ክፉኛ ተጎድቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይሞታል። ጆኒን እንደ ታናሽ ወንድሙ ይወድ የነበረው ዳላስ ዊንስተን ኀዘኑን መሸከም አቅቶት ሱቅ ይዘርፋል፤ ጥይት ያልጎረሰ ሽጉጥ በፖሊሶች ላይ ደግኖም ተተኩሶበት ይሞታል።

የታሪኩ ውጫዊ መልክ የሁለት ቡድኖች ጠብ ቢሆንም፣ ዋናው ጭብጥ ግን ስም ነው። ግሪዘርና ሶሽ የሚሉት ስሞች ለልጆቹ የተሰጡ እንጂ ልጆቹ አስበው የመረጧቸው አይደሉም። ስሙ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ግን ፖሊሱም፣ ጋዜጣውም፣ ጎረቤቱም፣ በመጨረሻም ልጁ ራሱ በዚያው ስም ማየት ይጀምራል። ፖኒቦይ መጽሐፍ የሚወድና ፊልም ብቻውን ገብቶ የሚመለከት ልጅ መሆኑን ከጓደኞቹ መካከል እንኳ ለጥቂቶች ብቻ ይገልጻል። ቡድኑ ከጠላት ይጠብቀዋል፤ ለዚህም ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ዋጋውም ከራሱ ማንነት ውስጥ ለቡድኑ የማይስማማውን ክፍል መደበቅ ነው።

ይህን ቅርፊት የሚሰነጥቀው ጓደኝነት ነው። ከሶሾቹ ወገን የሆነችው ቼሪ ቫላንስ ከፖኒቦይ ጋር ስትነጋገር፣ ሁለቱም ከየሠፈራቸው ሆነው ያንኑ የፀሐይ መጥለቅ እንደሚመለከቱ ይረዳሉ። ጆኒና ፖኒቦይም በተደበቁበት ስፍራ ተሻምተው የሚያነቡት አንድ ወፍራም ልቦለድ ነው፤ ስለ ንጋት የሚያወሩትም አንድ አጭር ግጥም አንሥተው ነው። ደራሲዋ በዚህ የምታመለክተው ጓደኝነት ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንዱ በጋራ ጠላት የሚቆም ሲሆን፣ ጠላት ሲጠፋ ይላላል። ሌላው ግን አንዱ የሌላውን ስውር ማንነት አይቶ ሳያፌዝበት ሲቀበለው የሚጸና ነው። ቼሪ ራሷም ቢሆን በትምህርት ቤት መተላለፊያ ላይ ብታገኘው ሰላምታ ላትሰጠው እንደምትችል አስቀድማ ትነግረዋለች። በመሆኑም መጽሐፉ እርቅን ቀላል አድርጎ አያቀርብም።

ለመምህራን ልዩ ትኩረት የሚስበው ግን የመጽሐፉ አወቃቀር ነው። ጓደኞቹ ከሞቱ በኋላ ፖኒቦይ ይታመማል፤ ጆኒ መሞቱን መቀበል ይሳነዋል፤ በትምህርቱም ይደክማል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ሚስተር ሳይም ሊወድቅ መቃረቡን አይተው፣ ጥሩ ድርሰት ጽፎ ቢያመጣ እንደሚያሳልፉት ይነግሩታል። ርእሱን እንዲመርጥ የሚተዉት ለእርሱው ነው። ልጁ ለብዙ ጊዜ የሚጽፈው ያጣል። በመጨረሻ ጆኒ ከመሞቱ በፊት የጻፈለትን ደብዳቤ በመጽሐፉ ገጾች መካከል ካገኘ በኋላ ለመምህሩ ስልክ ደውሎ ድርሰቱ ከተወሰነው ገጽ ቢበልጥ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ይፈቅዱለታልም። የልቦለዱ መዝጊያ ዐረፍተ ነገር ከመክፈቻው ጋር አንድ ስለሆነ፣ አንባቢው እስካሁን ሲያነብ የቆየው ያንኑ የቤት ሥራ መሆኑን በመጨረሻ ይረዳል። «ዲ» ያገኘችው ተማሪ በልቦለዷ ውስጥ ልትመኘው የምትችለውን መምህር ፈጠረች ማለት ይቻላል። የመምህሩም ሥራ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ርእሱን ክፍት መተውና የገጹን ወሰን ማንሣት።

መ. መጽሐፉ ወደ ክፍል የገባበት መንገድ

መጽሐፉ እንደ ወጣ ወዲያው አልገነነም። ሂንተን እንደገለጸችው፣ አሳታሚዎቹ መጀመሪያ ከሌሎች ርካሽ የስስ ሽፋን ልቦለዶች ጋር ደባልቀው ለአጠቃላይ ገበያ ስላቀረቡት ሽያጩ ደካማ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ነገር ተስተዋለ፤ ትእዛዙ በአንዳንድ አካባቢዎች ተሰባስቦ ይመጣ ነበር። ምክንያቱ ሲጣራ፣ መጽሐፉን የሚገዙት ለክፍላቸው የመረጡት መምህራን ሆነው ተገኙ። አሳታሚዎች ለአፍላ ወጣት የሚሆን ገበያ መኖሩን ያመኑት፣ መምህራን አንባቢውን ካሳዩአቸው በኋላ ነው።

ይህ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይደለም። በሚያዝያ 1965 የጸደቀው የአሜሪካ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ፣ በሁለተኛው ክፍሉ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና ለመማሪያ መጻሕፍት በመጀመሪያው ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ነበር። ቀድሞ መጽሐፍ ያልነበራቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ዓመታት መደርደሪያቸውን መሙላት ጀመሩ። ሕጉ የትኛው ልቦለድ ይገዛ የሚለውን በዝርዝር አልወሰነም። ይህም ማለት ዕቅድ አውጪው ገንዘቡንና ቦታውን አዘጋጀ፤ መምህሩና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ተማሪውን አይተው መረጡ። የሁለቱ ሥራ ሳይጋጭ ተደጋግፎ ሲሄድ ምን ውጤት እንደሚገኝ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሂንተን ራሷም በነሐሴ 1967 በኒው ዮርክ ታይምስ የመጻሕፍት ክፍል ባወጣችው ጽሑፍ፣ ለወጣቶች የሚቀርበው ንባብ ከእውነተኛ ኑሯቸው የራቀ መሆኑን ተችታ ነበር። በዚያው ዓመት የሮበርት ሊፕሳይት «ዘ ኮንቴንደር» ወጣ፤ በ1968 የፖል ዚንደል «ዘ ፒግማን»፣ በ1974 የሮበርት ኮርሚየር «ዘ ቾኮሌት ዎር» ተከተሉ። በ1968 ደግሞ ኤሪክ ኤሪክሰን ስለ ማንነትና ስለ ወጣትነት ቀውስ የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። ልቦለዱና የሥነ ልቡና ጥናቱ በአንድ ዓመት ልዩነት መውጣታቸው፣ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው የወጣቶች ጥያቄ በዘመኑ ምን ያህል ጎልቶ እንደ ነበር ያመለክታል።

ሠ. የሎን ስታር ተማሪዎች ማመልከቻ

መጽሐፉ በትምህርት ቤት እጅ መጠበቁን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው በካሊፎርኒያ፣ በፍሬዝኖ አቅራቢያ በሚገኘው ሎን ስታር ትምህርት ቤት የሆነው ነው። በ1980 የትምህርት ቤቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ንባብ ይሰለቻቸው የነበሩ ልጆች ሳይቀሩ ይህን መጽሐፍ እየተቀባበሉ እንደሚያነቡት አስተዋሉ። ተማሪዎቹ ታሪኩ ፊልም እንዲሆንላቸው በመመኘታቸው፣ በኃላፊዋ መሪነት ለታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ጻፉ። ከ100 የሚበልጡ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችም ፈረሙበት፤ የመጽሐፉንም አንድ ቅጂ አብረው ላኩ።

ኮፖላ ደብዳቤውን ችላ አላሉትም። ፊልሙ በ1982 በተልሳ ከተማ ተቀርጾ በመጋቢት 1983 ለሕዝብ ቀረበ። በኋላ ስማቸው የገነነው ማት ዲሎን፣ ፓትሪክ ስዌዚ፣ ዳያን ሌንና ቶም ክሩዝ በዚህ ፊልም ውስጥ በወጣትነታቸው ተጫውተዋል። ፊልሙም ሐሳቡን ላመነጩት ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋና ለሎን ስታር ተማሪዎች መታሰቢያ ሆኗል።

በዚህ ድርጊት የተማሪዎቹ ትምህርት ከአንድ ፊልም የሰፋ ነበር። መጽሐፍ አነበቡ፤ ስለ መጽሐፉ የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ፤ ፍርዳቸውን በደብዳቤ ቀርጸው በስማቸው ፈረሙበት፤ ለማያውቁት ትልቅ ሰውም አቀረቡ። የቋንቋ ትምህርት ዓላማ ተብሎ በሥርዓተ ትምህርት ሰነድ ከሚዘረዘረው ውስጥ በዚህ አንድ ሥራ ያልተነካው ጥቂት ነው። ይህንንም ሁሉ ያስጀመረው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ትዝብት ነው፤ የትኛው መጽሐፍ ከመደርደሪያው እንደሚወጣና ለምን እንደሚቀደድ ማስተዋላቸው።

ረ. የተነሡ ተቃውሞዎችና የመጽሐፉ ጉድለቶች

የመጽሐፉ ጉዞ ያለ ተቃውሞ አልነበረም። ጠብ፣ መጠጥ፣ ሲጋራና ወላጅ አልባ ቤት የሚታዩበት መሆኑ ብዙ ወላጆችን አሳስቧል። ለምሳሌ በ1986 በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር፣ ባለታሪኮቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ከፈረሰ ቤተሰብ የመጡ መሆናቸው እንደ አንድ የተቃውሞ ምክንያት ቀርቦ ነበር። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1990ዎቹ ብዙ ተቃውሞ የቀረበባቸው ብሎ በዘረዘራቸው 100 መጻሕፍት ውስጥም ይገኛል።

የወላጆቹ ስጋት በቀላሉ የሚጣጣል አይደለም፤ ልጅን ከክፉ ነገር መጠበቅ ተገቢ ነው። ይሁንና በልቦለዱ ውስጥ ሴንጢ የመዘዘም፣ ሽጉጥ የደገነም የሚከፍለው ዋጋ በግልጽ ተጽፏል። ከዚህም ሌላ፣ ከፈረሰ ቤት የመጣ ተማሪ በክፍል ውስጥ መኖሩ በመጽሐፍ መከልከል አይቀርም። ልዩነቱ እንዲህ ያለው ልጅ ኑሮውን በሚነበብ ነገር ውስጥ አግኝቶ ስለ እርሱ መነጋገር መቻሉ ወይም አለመቻሉ ብቻ ነው።

ከሥነ ምግባር ተቃውሞው ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ሌላ ጉድለት አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ድርሻቸውም ጠባብ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የከተማዋ ትልቁ መለያየት፣ ማለትም በጥቁሮችና በነጮች መካከል የነበረው፣ ፈጽሞ አለመነሣቱ ነው። በተልሳ ከግንቦት 31 እስከ ሰኔ 1 ቀን 1921 ድረስ የነጮች ሕዝብ ግሪንውድ የተባለውን የጥቁሮች ሠፈር አቃጥሎ ብዙ ሰዎችን ገድሏል። ይህ ታሪክ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በክፍለ ሀገሩ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ አልተሰጠውም ነበር። ስለዚህ የ16 ዓመት ተማሪ ያልጻፈችውን ስንመረምር፣ ትምህርት ቤት ያላስተማራትንም አብረን መመርመር ይገባል። ወጣት ደራሲ የሚያየው በዓይኑ ፊት ያለውን ነው፤ ከዓይኑ የተሰወረውን ማሳየት የሥርዓተ ትምህርቱ ኃላፊነት ነበር።

መደምደሚያ

የመጽሐፉ የኋላ ታሪክ ይታወቃል። ሂንተን ከተልሳ ዩኒቨርሲቲ በ1970 በትምህርት ሙያ ተመርቃለች። ድንገተኛው ዝና ለተወሰኑ ዓመታት ብዕሯን አድርቆት ቆይቶ፣ በቀን ሁለት ገጽ እየጻፈች ሁለተኛ ልቦለዷን በ1971 አወጣች። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለወጣቶች ሥነ ጽሑፍ የላቀ አስተዋፅኦ ላደረጉ ደራስያን ያቋቋመውን ሽልማት በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለችው እርሷ ናት። ሽልማቱ የተሰየመው በባልቲሞር ከተማ ለወጣቶች የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በደከሙት በማርጋሬት ኤድዋርድስ ስም መሆኑም ከታሪኩ ጋር የሚስማማ ነው። «ባይተዋሮቹ» እስካሁን ከ14 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በመጽሐፉ ላይ የተመሠረተው ሙዚቃዊ ተውኔትም በ2024 በኒው ዮርክ ቀርቦ በዚያው ዓመት የቶኒ ሽልማትን በምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔትነት አግኝቷል።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ሥራ የሚወሰደው ቁም ነገር በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ የድርሰት ማርክ የሚመዝነው የታዘዘውን ብቻ ከሆነ፣ ያልታዘዘው ሥራ ሳይታይ ይቀራል። ስለሆነም ተማሪ ርእሱን ራሱ መርጦ፣ ወሰን ሳይደረግበት የሚጽፍበት ጊዜ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ሊኖር ይገባል። ሁለተኛ፣ የንባብ መጻሕፍት ምርጫ ከላይ የሚወርድ ዝርዝር ብቻ ሲሆን የተማሪውን ልብ ሊስት ይችላል፤ ገንዘቡን ማዕከሉ ሲያዘጋጅ፣ ምርጫው ግን በተማሪው አጠገብ ላለ ሰው ሲተው ከብዙ አዳዲስ መጻሕፍት መካከል የሚዘልቀው ተለይቶ ይወጣል። ሦስተኛ፣ አንድ መጽሐፍ ወጣቶችን ሲማርክ የተዋቸውን ጥያቄዎችም አብሮ ማንሣት የመምህሩ ፈንታ ነው፤ ፍቅሩ ሳይነካ ጉድለቱ ሊነገር ይችላል።

በአንድ የትምህርት ግቢ የሚውሉ ልጆች እርስ በርሳቸው የሚለጣጠፉትን ስም ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ሊያስቀር አይችልም። ስሙ የመጨረሻው ቃል እንዳይሆን ግን ሊያደርግ ይችላል። ለዚህም በልቦለዱ ውስጥም ሆነ ከልቦለዱ ውጭ የተገኘው መሣሪያ አንድ ነው፤ ባዶ ወረቀት፣ በቂ ጊዜ፣ የተጻፈውንም ከልብ የሚያነብ መምህር።